ስድስት ሰዓቶች በነጭ ጨርቅ ላይ

የበረዶው ጋሪ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሊገለበጥ ሲል ሱዜት ልጓሙን ሳብ አደረገችና ፈረሷን በስሟ ጠርታ ተቆጣቻት። አባቷ ሲሜዮን ጊኛር፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር ሙሴ ሲሜዮን፣ አንድ እጃቸውን ጋሪው ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከካፖርታቸው ሥር ማጉያ መነጽራቸውና የዳኝነት ምልክት የሚመቱባት ትንሽ ብረት በቆዳ ከረጢት ተንጠልጥለው ነበር።

«አጥንቴን ሰባብረሽ ሐይቁ ላይ ልትጥይኝ ነው?»

«አጥንትህስ ይጠገናል አባባ። ያ መነጽር ቢሰበር ነው ጉዱ። ዓመቱን ሙሉ ስታለቃቅስበት ማን ይችልሃል?»

«ባልሽ ነው እንዲህ መመለስ ያስተማረሽ?»

«ሉክ? ሉክ መች አፍ አለውና!» ብላ ሳቀች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1766 ጥር አጋማሽ ነበር። ሐይቁ ከሌ ፖን መንደር እስከ ሌ ሳንቲዬ መንደር ድረስ በረዶ ሆኖ ጠንክሮ መንገድ ሆኗል። በበጋ ዳር ዳሩን ግማሽ ቀን የሚያስኬደውን በክረምት በአንድ ሰዓት ይሻገሩታል። ሙሴ ሲሜዮን ይህን መንገድ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሰውበታል፤ ሐይቁ ባለበት በዚህ ሸለቆ የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ቃለ መሐላ ፈጽመው የገቡ ዳኛ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቃላቸው መሬት ጠብ ብሎ አያውቅም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ማወቃቸውም ከአረማመዳቸው ይታያል።

የዛሬው ፍርድ ከሌላው ጊዜ ከበድ ይላል። የአውራጃው ገዥ፣ በርን ከተማ ባሉት ጌቶቹ ስም፣ ለአንድ የሩቅ አገር ልዑል በስጦታ የሚላኩ ስድስት የኪስ ሰዓቶች አዞ ነበር። ሰዓቶቹ ተሠርተው ሌ ሳንቲዬ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ከትናንት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ቁጥር እንጂ ስም የለባቸውም፤ የሠሪው ስም በሰም በታሸገ ወረቀት ውስጥ ነው። ከስድስቱ የሚበልጠውን የሠራው ሰው ገና ማዕረግ ያላገኘ ከሆነ በዚያው ቀን ባለሙያ ይባላል። ያን ጊዜ በራሱ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ስሙን ሰዓት ላይ ቀርጾ፣ ትዳር ይዞ መኖር ይችላል። ያለ ማዕረጉ ግን ከሦስቱ አንዱም አይፈቀድለትም።

ትዳር የሚለው ነገር በአባትና በልጅ መካከል የማይነካ ቁስል ነበር። አብራም ቤርኔ የሚባል ግራኝ ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ሙሴ ሲሜዮን ቤት ሙያ ሲማር ኖረ፤ ከሱዜትም ጋር ተዋደዱ። ከሁለት ዓመት በፊት የማዕረግ ሰዓቱን ለፍርድ አቀረበ። ሰዓቱ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀረና ሙሴ ሲሜዮን ጣሉት። ሱዜት እስከ ፋሲካ ታግሣ ከርማ ሉክ የሚባለውን የሌ ፖን የከብት ነጋዴ አገባች። አባቷም ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷልና ከእሷ ጋር ተጠቃለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ የአብራም ስም በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ውስጥ ፍርዱን የሚጠብቁት ሰዓት ሠሪዎች እሳቱን ከብበው ተቀምጠዋል። አብራም ጥግ ላይ ነበር። ሙሴ ሲሜዮንን ሲያይ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። መክሳቱ ያስታውቃል። ማኅበሩ ከሰዓት ሥራ ጠረጴዛ ካስነሣው ወዲህ ለአይብ ማሸጊያ የሚሆን የጥድ ሣጥን እየጠረበ እንደሚኖር ሰምተዋል፤ እውነትም ልብሱ ጥድ ጥድ ይሸታል።

«ቤርኔ።»

«ሙሴ ጊኛር።»

ሰላምታው ይኸው ነበር። ሱዜት ጓንቷን እያወለቀች ከማረፊያው ባለቤት ሚስት አጠገብ ተቀመጠችና ስለ ወተት ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ፎቅ ላይ ምድጃው ከትናንት ማለዳ ጀምሮ አልጠፋም። በመስኮቱ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ስድስቱ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ትልቁ ባለ ፔንዱለም ሰዓት ይቆጥራል። ሁለተኛው ዳኛ ሙሴ ኒኮል ወንበራቸውን ሞልተው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እሳቸው የሚመዝኑት የውጭውን ክዳንና የደወሉን ድምፅ ብቻ ነው። የገዥው ጸሐፊ ሊንደር፣ ጸጉሩን በዱቄት ያነጣ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ ብዕሩን አሹሎ ይጠብቃል።

«ዘገየህ» አሉ ሙሴ ኒኮል። «ወይስ የልጅህ ፈረስ እንዳንተ አርጅታለች?»

«ፈረሷስ ደህና ናት፤ ያንተን ያህል ስላልበላች ነው።»

ቁጥር አንድ ለዓይን የሚያሳሳ ነበር። ክዳኑ ላይ የጄኔቭ ሠዓሊ በብርጭቆ ቅብ ወንዝ ዳር የተኛች ልጅ ሥሎበታል፤ የእግሯ ጥፍር ሳይቀር ይቆጠራል። ሊንደር «ኧረ ድንቅ ነው!» ብሎ ጎንበስ አለ። ሙሴ ሲሜዮን ሥዕሉን አንዴ ገረፍ አድርገው ክዳኑን ከፈቱና መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ተከሉ። ጥርሶቹን ደግፎ የሚይዘው፣ ድልድይ የሚባለው ብረት ከላይ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጠርዙ ሥር ግን ሞረድ የሄደበት ጭረት እንዳለ ቀርቷል።

«ፊቱን ታጥቦ እግሩን የረሳ ሰው ነው። የሠዓሊውን እጅ አመስግነህ ጻፍ፤ የሰዓት ሠሪውን ደግሞ እለፈው።»

«ሙሴ ጊኛር፣ እዚያ ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል? ልዑሉ እንደሆኑ ከፍተው አያዩትም።»

«የሚቀጥለው ጠጋኝ ያየዋል።»

ሊንደር የቀለዱ መስሎት ሳቀ፤ ኒኮል ግን አልሳቁም።

ቁጥር ሁለት ጠንካራ ነው፣ ግን ወፍራም፤ ኪስ ሳይሆን ከረጢት ይፈልጋል። ቁጥር ሦስት ሲጫኑት ሰዓቱን በደወል የሚናገር ነው። ኒኮል ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸው ሥር ያዙትና «ሲናገር ጉንፋን የያዘው ይመስላል» አሉ። አራትና ስድስት ከአንድ ሰው እጅ እንደ ወጡ በመጀመሪያው እይታ ታወቀ፤ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ደፋር አይደለም። ከትልቁ ሰዓት ጋር ሲተያዩ አንዱ አምስት፣ ሌላው ሰባት ደቂቃ ስተዋል። ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያስነውር አልነበረም።

ቁጥር አምስት ላይ ጌጥ የለም። የወርቅ ክዳኑ ልሙጥ ነው፣ ዙሪያውን እንደ ጸጉር የቀጠነ አንድ መስመር ብቻ ይዞረዋል። ሊንደር ብዙም አላየውም። ሙሴ ሲሜዮን ግን ክዳኑን ከፍተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

ድልድዩ ቅጠልና ሐረግ ሆኖ ተፈልፍሏል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ በእኩል ስፋት ተጠርቦ ተወልውሏል። ሐረጉ በሚገናኝባቸው ቦታዎች ላይ ወደ ውስጥ የገቡ ማዕዘኖች አሉ። እዚያ ምንም የሚሽከረከር መወልወያ አይገባም። የሚገባው የዣንሲያን ግንድ ብቻ ነው፤ ሥሩ አረቄ የሚሆነው ያ መራራ የተራራ ተክል። በመከር ቆርጠው ያደርቁታል፣ እንደ ስንጥር ያሾሉታል፣ ቅባት ነክተው ቀናት ሙሉ በእጅ ያሹበታል። አብዛኛው ሰው ማዕዘኑን ትንሽ አክብቦ ይገላገላል። ይህኛው አላከበበም። ሁለት የብርሃን መስመሮች መጥተው በአንዲት ነጥብ ላይ ተገናኝተው ይቆማሉ። ሙሴ ሲሜዮን ነጥቦቹን ቆጠሩ፤ አሥራ አንዱም እንዲያ ነበሩ።

«ስንት ወደ ኋላ ቀረ?» ብለው ጠየቁ መነጽራቸውን ሳያነሡ።

ኒኮል ሰዓቱን ከግድግዳው ጋር አስተያዩት። «ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አንተ ሲሜዮን፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሊንደር፣ ጻፍ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈርጄ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ከራሴም እጅ ይበልጣል። ልክ እንዳልኩት ጻፈው።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር እሳቸው ወደ መጨረሻው ምርመራ አለፉ። ጠቋሚ ዘንጎቹን አነሡ፣ ችንካሮቹን በወረንጦ ነቀሉ፣ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ነጭ ገጽ አወለቁ። ከገጹ ሥር፣ በቢጫው ብረት ላይ፣ በስተግራ ጥግ ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች ተመትተው ነበር።

ነጥቦቹ የእሳቸው ነበሩ።

የማኅበሩ ልማድ ነው፤ የተጣለ ሰዓት ዳኛው ከገጹ ሥር በራሱ ብረት ምልክት ይመታበታል። ሠሪው ያንኑ ሰዓት ሳያሻሽል መልሶ ካቀረበና ጉድለቱ ከተገኘበት ዕድሜ ልኩን ከሙያው ይባረራል። ጉድለት ከሌለው ደግሞ ቀድሞ የጣለው ዳኛ መነጽሩንና ብረቱን ለማኅበሩ መልሶ ከዳኝነት ወንበሩ ይነሣል። ምልክቱ ከታየ ከሁለት አንዱ ይወጣል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ሙሴ ሲሜዮን አጎንብሰው ቀሩ። ከግራ ወደ ቀኝ የሄደውን የውልወላ መስመር አሁን አዩት፤ የግራኝ እጅ ነው፤ እንዴት ቀድሞ እንዳልታያቸው ገረማቸው። ሰዓቱ ተነክቷል? ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈተሹ። ጥርሶቹን፣ ሞላውን፣ ሰንሰለቱን አዩ። ከሁለት ዓመት በፊት እንደ ነበረው ነው፤ የተለወጠ አንድም ነገር የለም።

ያን ጊዜ ጣሪያው በበረዶ ክብደት ስለ ተሰበረ የእንግዳ ማረፊያው ተዘግቶ ነበር። ሰዓቱን ቤታቸው ወስደው የመስኮቱ ምስማር ላይ ሰቀሉት። አመሻሽ ላይ ሱዜት ብቅ ብላ «አባባ፣ ምድጃው ጠፍቷል፣ ላቀጣጥለው?» አለቻቸው። «ተዪው፣ ጥሩ ሰዓት ብርድ አይፈራም» ብለው መለሱላት። ዘይት ሲበርደው እንደ ሞራ እንደሚረጋ ሸለቆው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ሰው ሐይቁን ሲሻገር ሰዓቱን ሥጋው ላይ አስጠግቶ የሚይዘው። እሳቸውም ለአብራም ያስተማሩት በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ለምን እንዲያ እንዳሉ አሁን ቢያስቡም ጥርት ያለ መልስ አላገኙም። ስንፍና ነበር? ትዕቢት? ወይስ ልጃቸው ከቤት እንድትወጣባቸው አልፈለጉም? ይህን የመጨረሻውን ቶሎ አለፉት።

«ከገጹ ሥርስ?» አለ ሊንደር።

«ንጹሕ ነው» አሉ።

ገጹን መልሰው ችንካሮቹን ተከሉ። ኒኮል እንዲህ ያለውን ጥቃቅን አያዩም፣ ሊንደር አያውቅም። ልጁ ማዕረጉን ያገኛል፣ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ማን ተጎዳ? ጠቋሚ ዘንጎቹን መልሰው ክዳኑን ዘጉት።

ሊንደር ሰሙን ሰብሮ ስሙን አነበበ። አብራም ተጠርቶ ወጣና በሩ አጠገብ ቆመ። ኒኮል ከወንበራቸው እየታገሉ ተነሥተው ትከሻውን መቱት።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ከስድስቱ አንደኛ ወጣህ። አየህ አይደል? ያን ጊዜ በሙሴ ጊኛር አዝነህ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። እኔ ግን ብዬ ነበር፤ የጣለህ ሊሠራህ ነው። ባይጥልህ ኖሮ ይኼን ትሠራ ነበር? ሊንደር፣ ይኼንንም ጻፍልን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉድለቱን አርሞ መጣ በል። በል አሁን አመስግናቸው።»

አብራም ወደ ጠረጴዛው አየ። ሰዓቱ ተዘግቶ ነጭ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። ምልክቱ መታየቱን፣ ዝም መባሉንም ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ፊቱ ቀላ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሙሴ ጊኛር» አለ። «ስላረሙኝ።»

ቢሰድባቸው ይችሉት ነበር። ይህን ግን መዋጥ አቃታቸው። ሁለት ዓመት ሣጥን ሲጠርብ የኖረ ሰው፣ የተነጠቀውን መልሶ ለማግኘት የነጠቀውን ያመሰግናል። አፈሩ፤ እንደ ልጅ ጆሯቸው እስኪግል አፈሩ።

«ሊንደር፣ የመጨረሻውን ሰርዘው።»

«የቱን?»

«አርሞ መጣ የሚለውን። ምንም አላረመም፤ የሚታረም ነገር አልነበረውም።» ሰዓቱን አንሥተው ገጹን እንደገና አወለቁና ለኒኮል መነጽራቸውን አቀበሏቸው። «እዚህ ጋ፣ በግራ በኩል። ቀስ ብለህ እይ።»

ኒኮል ሲያጠጉ ሲያርቁ ቆዩ። ሲያዩት ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያንተ ነው።»

«የኔ ነው። ሰዓቱም ያው ነው። ምድጃ በሌለበት ክፍል ሰቅዬ የፈረድኩበት እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?»

«እሱ ያውቃል» አሉ በአገጫቸው ወደ አብራም እየጠቆሙ። «አመሰገነኝ እኮ፤ አልሰማህም?»

ሊንደር ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ። ሙሴ ሲሜዮን ስለ ሌሎቹ ሰዓቶች በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ አጻፉት፤ ቁጥር አምስት፣ ሠሪው አብራም ቤርኔ፣ ጉድለት የለበትም፣ ከሁለት ዓመት በፊትም አልነበረበትም፣ ጉድለቱ የዳኛው ነው። ከዚያ ከረጢቱን ከአንገታቸው አውጥተው ምልክት መምቻውን ጨርቁ ላይ፣ ከስድስቱ ሰዓቶች ጎን አስቀመጡት። መነጽሩ ኒኮል እጅ ላይ ቀረ።

«ይኼን ያህል እርግጠኛ ከነበርክ» አሉት አብራምን፣ «ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ይሰሙኝ ነበር?»

«አልሰማህም ነበር።»

«አሁንም የቀየርኩት የለም» አለ አብራም። «በብብቴ ይዤው መጣሁ፣ ምድጃ ያለበት ክፍል ገባ። ይኸው ነው።» ባርኔጣውን ይዞ ወረደ። ይቅርታ አልጠየቁትም፣ እሱም አልሰጣቸውም።

ሱዜት ሁሉንም ቀድማ ከማረፊያው ባለቤት ሚስት አፍ ሰምታ ነበር። ጋሪው ላይ አሳፈረቻቸው፣ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ ጠቀጠቀችና ፈረሷን አስነሣች። ሐይቁ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ልጓሙን ሳበችና አቆመች። ፀሐይ ገና ተራራው ላይ ነበረች።

«ምድጃው ጠፍቷል ብዬህ ነበር» አለች።

«ብለሽኝ ነበር።»

አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። እሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ አላወቁም። በመጨረሻ በጓንቷ ፊቷን ጠረገች።

«ሉክ ደግ ሰው ነው አባባ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እናደድበት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ወሬው ከኛ ቀድሞ ሌ ፖን ይገባል። ያንን ሰዓት ባትጥለው ኖሮ የአብራም ሚስት እንደምሆን ማንም ያውቃል። ሉክ በሰው ስህተት ያገኘኝ እንዲመስለው አልፈልግም። እኔ ብነግረው አዝኜለት ይመስለዋል። አንተ ንገረው። ሱዜት አንተን የመረጠችህ ሰዓቱ ከመፈረዱ በፊት ነው በለው።»

«እንዲያ አልነበረማ።»

«አልነበረም።»

ፈረሷ በረዶውን በኮቴዋ ጫረች። ሙሴ ሲሜዮን ባዶ ደረታቸውን ዳበሱና ወደ ፊት አዩ፤ ሱዜትም ልጓሙን ለቀቀች።

ሉክ ቤት ነበር። ወሬው እንደ ደረሰው ከአቀማመጡ ታወቀ፤ እንደ ወትሮው ለፈረሷ ሊወጣ አልተነሣም። እራት ቀረበ፣ ሾርባና አይብ። ሙሴ ሲሜዮን ሾርባቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉ።

«ሉክ፣ ዛሬ የሆነውን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ያልሰማኸውን ደግሞ ልንገርህ። ይቺ ልጅ ያን ሰዓት ከመመርመሬ ከሦስት ሳምንት በፊት መጥታ አንተን እንደምትፈልግ ነግራኛለች። ሰዓቱ ቢያልፍም ባያልፍም አንተን ነበር የምታገባው። እኔ ነኝ እስከ ፋሲካ ቆዪ ያልኳት።»

በዳኝነት ድምፃቸው ነበር የተናገሩት፤ ቃሉ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይናቸውም አልሸሸም። የሉክ ትከሻ ረገብ አለ። ሙሴ ሲሜዮን ጊኛር ሲዋሹ የሰማ ሰው በሸለቆው ውስጥ አልነበረምና አመናቸው። ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለሚስቱ ሰጣትና ፈረሷን ሊያበላ ወጣ።